አሥር ጋት መከታ፦ የአሮጌ መኪና ሾክ አብዞርበርና የኦሪት ሕግ

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሾክ አብዞርበር ሊያስቀይር ሲነሣ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ዋጋው ስንት ነው? የየትኛው ፋብሪካ ይሻላል? የኩባንያውን ኦሪጅናል ልግዛ ወይስ ከሱ ረከስ ያለውን? እንደ ቀድሞው ልመልሰው ወይስ ጠንከር ያለውን፣ ለስፖርት የተሠራውን ላስገባ? ሁሉም የኪስና የምርጫ ጉዳይ ስለሚመስሉ ቄስም ሆነ ረቢ አይጠየቅባቸውም። እኔ ግን ጉዳዩ ከኪስ በፊት የሃይማኖት ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ምክንያቱንም አብሮ ይሰጣል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ዛሬ በእስራኤሏ ከተማ በቂርያት ጋት የሚኖር አብዛኛው ሰው አፓርታማ ውስጥ ነው ያለው፤ የጣራው መከታ የሕንፃ ተቋራጩና የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ሆኗል። በገዛ እጁ የሚያዝዝበት፣ ጉድለቱም ሌላ ሰው ሊገድል የሚችል ንብረት አለው ከተባለ እሱ መኪናው ነው። ትእዛዙ እንግዲህ ከጣራ ወደ ጎማ ወርዷል። ይህ እውነት ከሆነ ከላይ ያሉት ጥያቄዎች ቅደም ተከተል ያገኛሉ፦ ጎማውን መሬት የሚያስይዝ ደህና ዕቃ ማስገባት ዕዳ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ማሻሻያ ፍላጎት ነው። ዕዳ ይከፈላል፤ ፍላጎት ይመረመራል።

ክርክሩ የሚቆመው ዕቃው በሚሠራው ሥራ ላይ ስለሆነ አስቀድመን እሱን እንይ። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው፤ በከባድ መኪና ደግሞ ባሌስትራው። ሞላ ሲጨመቅ ያጠራቀመውን ኃይል መልሶ ይለቃል፤ ብቻውን ቢተው መኪናው ጉብታውን ካለፈ በኋላም ወደ ላይ ወደ ታች ሲል ይቆያል። ሾክ አብዞርበር፣ በቂርያት ጋት ጋራዦች በዕብራይስጥ ቦለም ዛዓዙዒም የሚባለው፣ ይህን እንቅስቃሴ ያደክማል። ውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳና በቫልቭ ውስጥ እንዲያልፍ ያስገድደዋል፤ የመወዛወዙ ኃይልም ወደ ሙቀት ተለውጦ ያልቃል። የመኪናው አካል ሲወዛወዝ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ገደማ ነው፤ ይህን ተሳፋሪው ያውቀዋል። ጎማው ግን በራሱ በሴኮንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ የመንጠር ጠባይ አለው፤ ይህን ማንም አያየውም። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 25 ሜትር ይጓዛል። ሾኩ የሞተበት ጎማ ሸካራ መንገድ ላይ በዚያች አንድ ሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ መሬቱን ይለቃል፣ ባይለቅም በቅጡ አይጫነውም። መሬት ያልያዘ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢረገጥ አያቆምም፣ መሪ ቢዞር አይታጠፍም። አዲስ የፍሬን ሸራ ቢገባለት አያድነውም፤ ኤቢኤሱም ሆነ መንሸራተትን የሚከላከለው ኤሌክትሮኒክስ የተቀመሩት ጎማው መንገዱን ይዟል በሚል ግምት ነው። ስለዚህ ሾክ አብዞርበርን የምቾት ዕቃ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ምቾቱ የሚጎድለው ለባለ መኪናው ነው፤ የጨመረውን የማቆሚያ ርቀት የሚከፍለው ግን መንገድ የሚያቋርጠው ልጅ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በጎንደርና በሰሜን ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ቤታቸው የሣር ክዳን ያለው ክብ ጎጆ ነበር። በጎጆ ጣራ ላይ የሚመላለስ የለምና የመከታው ትእዛዝ በግእዙ ኦሪት ውስጥ እየተነበበ ከኑሮ ጋር የሚገናኝበት አጋጣሚ ጠባብ ነበር። የረቢዎቹ ትምህርት ግን ጣራው ሜዳ በሆነበት፣ ሰው በሚተኛበትና በሚመላለስበት አገር ተወልዷልና ነገሩን በዝርዝር አየው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ራምባም፣ ማለትም ሙሴ ቤን ማይሞን፣ በሕግ መጽሐፉ በሚሽኔ ቶራ ውስጥ ስለ ነፍሰ ገዳይና ስለ ነፍስ ጥበቃ በሚናገረው ክፍል ምዕራፍ 11 ላይ መለኪያውን አስቀምጧል። መከታው ከአሥር ጋት ማነስ የለበትም፤ ሰው ተደግፎት የማይወድቅ ጠንካራም መሆን አለበት። ሰው የማይኖርበት ጎተራ ግን መከታ አያስፈልገውም። ከዚያም ሕጉን ያሰፋዋል፤ ነፍስን ለአደጋ የሚያጋልጥ ማንኛውም ነገር እንደ ጣራው ነው፣ ይወገድ ዘንድ ግድ ነው ይላል። ከሱ በኋላ የተጻፈው የሕግ መጽሐፍ ሹልሃን ዐሩክም በሖሼን ሚሽፓት ክፍል ቁጥር 427 ይህንኑ ተቀብሏል። ከነሱ አስቀድሞ የተነሣው ረቢ ናታን፣ በታልሙድ ባባ ቃማ 15 ላይ እንደተጻፈው፣ ክፉ ውሻ ማሳደግንና የተናጋ መሰላል በቤት ማቆምን በዚሁ ቁጥር ከልክሏል። መሰላሉን ልብ እንበል፤ መሰላል በራሱ ጥፋት የለበትም፣ ሲገዛም ደህና ነበር። ጥፋቱ ማርጀቱን እያወቁ እንደ ደህና ዕቃ ማቆሙ ላይ ነው። ጠቢባኑ በተጨማሪ ትእዛዙ አዲስ ቤት ለሠራ ብቻ እንዳልሆነ አስተምረዋል፤ የገዛውም፣ የወረሰውም፣ በስጦታ ያገኘውም መከታ ይሠራል። ከሁለተኛም ከአምስተኛም እጅ መኪና የገዛ ሰው “ሾኩን የጨረስኩት እኔ አይደለሁም” ቢል እንግዲህ መልሱ ከጥንት ጀምሮ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ኦሪትን በግእዝ እያነበቡ፣ ታልሙድ በእጃቸው ሳይኖር ሃይማኖታቸውን የጠበቁ አባቶች ልጅ “የባቢሎን ረቢዎች ያሰፉት ሕግ ለምን ያስረኛል?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ በቄሶችና በረቢዎች መካከል ያለው ክርክር ብዙ ነገር ነክቷል። በዚህ ጉዳይ ግን ኦሪት ብቻውን ይበቃል። ትእዛዙ ምክንያቱን ራሱ ስለተናገረ ከምክንያቱ ጋር ይሄዳል፤ ደም በሚያመጣ ንብረት ሁሉ ላይ ይሠራል። ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ላይም ሁለት ምስክር አለ። አንዱ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወው ሰው ነው፤ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ይከፍላል። ሁለተኛው ወጊ በሬ ነው። በሬው ከቀድሞ ጀምሮ ወጊ ካልነበረ ሰው ቢገድል ባለቤቱ ነጻ ነው። ወጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ቢገድል ግን ፍርዱ ሌላ ነው፤ ሞት እስከመፍረድ ይደርሳል። ሁለቱን በሬዎች የለያቸው የባለቤቱ ማወቅ ነው። መካኒኩ መኪናውን ከፍ አድርጎ ዘይት የሚንጠባጠብበትን ሾክ ካሳየው ሰዓት ጀምሮ ባለ መኪናው ያልተነገረው ሰው መሆኑ አብቅቷል።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሾክ አብዞርበር በአንድ ቀን አይሞትም። በየኪሎ ሜትሩ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ እየተመላለሰ ዘይቱ ይደክማል፣ ላስቲኩ ይላላል፣ ጋዙ ይወጣል። ነጂው በየቀኑ ስለሚነዳው ለውጡን አይሰማውም፤ እጁና እግሩ ሳያውቀው ከድካሙ ጋር ይስማማሉ። ታዲያ ጥፋቱ የሚጀምረው መቼ ነው? ደህናው የትኛው ቀን ላይ አልቆ ክፉው ጀመረ? ይህን ወሰን የሚያሳይ መሣሪያ በነጂው ስሜት ውስጥ የለም። የመኪናውን ጥግ ተጭኖ በመልቀቅ የሚደረገው የተለመደ ሙከራም ጨርሶ የሞተውን እንጂ በግማሽ የደከመውን አይለይም። የሚታዩ ምልክቶች አሉ፤ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ወደ ታች ይደፋል፣ የጎማው ፊት በየቦታው እየጎደጎደ ያልቃል፣ ሸካራ ኩርባ ላይ ኋላው ይንሸራተታል፣ ሾኩ ላይ ዘይት ይወርዳል። ስስ የዘይት ወዝ ብቻ ማየት መፍረጃ አይሆንም፤ የሚወርድ ዘይት ግን ፍርዱን ጨርሷል። ሞንሮ የተባለው አምራች 80,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መቀየርን ይመክራል። መካሪው ሻጭም ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ፍርድ መቀበል አይገባም፤ ለመመርመሪያ ቀጠሮ ግን ይበቃል። ሃይማኖት ቀስ እያለ ለሚሸረሸር ነገር ያገኘው መድኃኒት ይኸው ቀጠሮ ነው። ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በሔሽቫን 29፣ የሚከበረው የቤተ እስራኤል በዓል ሲግድ የተመሠረተው በዚህ ዕውቀት ላይ ነው። ሕዝብ ከቃል ኪዳኑ በአንድ ጀምበር አይርቅምና መራቁን በስሜቱ አይጠብቅም፤ ቀን ቆርጦ ይሰበሰባል፣ ይጾማል፣ ኦሪት ይነበብለታል፣ ራሱን ይመረምራል። ወሰኑ የማይታይ ጥፋት ላይ ግዴታው ወሰኑን ማወቅ ሳይሆን ቀጠሮውን መጠበቅ ነው። መመርመሪያውን ያስተላለፈ ሰው “አላወቅሁም” ቢል አለማወቁ የራሱ ሥራ ነው።

“ቀጠሮውንማ መንግሥት ቆርጦልኛል፣ በየዓመቱ ቴስት አልፋለሁ” የሚል ይኖራል። ቴስት ትልቅ ነገር ነው፤ ፍሬን፣ መሪ፣ የፊት እግር፣ መብራት፣ ጭስ ይታይበታል፤ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ከቀኑ በፊት ሳምንቱን የሚጨነቀውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ቴስት የሚመሰክረው ስለ አንድ ቀን ነው፣ የሚጠይቀውም ዝቅተኛውን ነው። ወረቀቱ መኪናው መንገድ ላይ ሊወጣ መፈቀዱን ያሳያል፤ ባለቤቱ ከዚያ ቀን በኋላ ስላየውና ስለሰማው ነገር አይናገርም። ወጊው በሬ ላይ ኦሪት የጠየቀው ለባለቤቱ ተነግሮት እንደሆነ ነው፤ ዳኛ በሬውን መርምሮ አሳልፎት እንደነበረ አልጠየቀም። ሕግ አክባሪነት ግዴታውን ይጀምረዋል እንጂ አይጨርሰውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከእምነት ውስጥ የሚነሣ ስለሆነ ከሁሉ ይከብዳል። “ቀኑ ያልደረሰ ሰው አይሞትም፤ የደረሰበትን ደግሞ አዲስ ሾክ አያድነውም” ይላል። ይህን የሚሉ ሰዎች እምነታቸው ቀልድ አይደለም። በእግራቸው ሱዳን የደረሱ፣ በመንገድ ብዙ የቀበሩ፣ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲጓጓዝ ያዩ ሰዎች የፈጣሪን እጅ በሰማይ ላይ ያዩ ያህል ይናገራሉ። ለእነሱ “አደጋን የሚወስነው የጎማ አያያዝ ነው” ማለት ድፍረት ሊመስል ይችላል። ይህ ሐሳብ ግን በዚሁ የመከታ ቁጥር ላይ ጥንት ተነሥቶ መልስ አግኝቷል። በታልሙድ ሻባት 32 ላይ የረቢ ይሽማኤል ትምህርት ቤት ቁጥሩ ገና ያልወደቀውን ሰው “የሚወድቀው” ብሎ መጥራቱን ያስተውላል። ያ ሰው እንዲወድቅ ከፍጥረት ጀምሮ ታውቆ ይሆናል ይላል፤ ቢሆንም በጎ ነገር የሚመጣው በበጎ ሰው እጅ፣ ክፉ ነገርም በበደለኛ እጅ ነው። ትምህርቱ ዕጣ ፈንታን አልካደም። ጥያቄውን ግን ከሟቹ ወደ ባለ ቤቱ አዞረው፤ የዚያ ሰው ቀን ደርሶ ይሆናል፣ የሚፈጸመው በአንተ ጣራ ላይ መሆኑን ግን ማን አዘዘ? በዚያው ገጽ ረቢ ያናይ ተአምር ይደረግልኛል ብሎ በአደጋ ቦታ መቆምን ይከለክላል። ኦሪት ዘዳግም 6 ቁጥር 16 ላይ እግዚአብሔርን መፈታተን መከልከሉም ለዚህ ይሆናል። በበረሃ መንገድ ሌላ አማራጭ ያልነበረው ሰው በእምነት ተጓዘ፤ አማራጭ እያለው የሚተወው ሰው የሚለው “አምናለሁ” ግን ከዚያ እምነት ጋር አንድ አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የድህነት ነው። ቂርያት ጋት ከ1954 ጀምሮ የስደተኞች መጠለያ ሆና የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ መጀመሪያ ከሞሮኮ፣ ኋላም ከሶቪየት ኅብረትና ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ከባዶ ጀምረው የገነቧት። እዚያ አሮጌ መኪና ጌጥ አይደለም። በሌሊት ፈረቃ ፋብሪካ የሚሠራ፣ በመንገድ ቁጥር 35 ወደ አሽቀሎን ወይም በ40 ወደ ቤር ሼቫ የሚመላለስ ሰው እንጀራው ያለ መኪና ይቋረጣል። ለዚህ ሰው “ሾክህን ካልቀየርክ ደም አለብህ” ማለት በቤት ኪራይና በልጆች ወጪ ላይ የኃጢአት ሸክም መጨመር አይሆንም? ኦሪት የድኻን አቅም ማየት ያውቅበታል። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 5 ላይ በግ ያልቻለ ሁለት ዋኖስ፣ ያንንም ያልቻለ ጥቂት ዱቄት ያቀርባል። ለመከታው ግን እንዲህ ያለ ቅናሽ አልተጻፈም፤ ከድኻም ጣራ ቢሆን የወደቀው ሰው እኩል ይሞታል። ይህ ጭካኔ የሚመስለው የግዴታው ልክ ከፍ ያለ ነው ብለን ስናስብ ነው። ልኩ አሥር ጋት ነው፤ የእብነ በረድ አጥር አልተጠየቀም። ለአንድ ተራ የቤት መኪና ከታወቀ አምራች የመጣ፣ ለሞዴሉ የተሠራ፣ ባለ ሁለት ቱቦ የጋዝ ሾክ ይበቃል። ካያባ፣ ሞንሮ፣ ሳክስ የሚሠሩት ዕቃ በመኪናው ኩባንያ ስም ከታሸገው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ካያባና ሳክስ ደግሞ ለመኪና ፋብሪካዎቹ ራሳቸው የሚያቀርቡ ናቸው። ያንንም ያልቻለ የፊቱን ጥንድ አስቀድሞ የኋላውን በሚቀጥለው ሊያደርግ፣ እስከዚያም ፍጥነቱን ሊቀንስና ረጅም መንገድ ሊተው ይችላል። ከዚህ በላይ ያለው የማኅበሩ ድርሻ ነው። ዘፀአት 22 ለድኻ ያለ ወለድ ማበደርን ያዝዛል፤ እስራኤል ውስጥ ገማሕ የሚባሉት ያለ ወለድ የሚያበድሩ ማኅበራት አሉ፤ ከኢትዮጵያ የመጣው እቁብም አልተረሳም። ለሠርግና ለለቅሶ የሚዋጣ ማኅበር የጎረቤቱን መኪና ደህንነት የግል ጣጣ አድርጎ ሊተወው አይገባም።

ከዚህ በኋላ ማሻሻያውን መመርመር ይቻላል። ወጣቱ የሚወደው ክርክር “ከተራው የተሻለ ሾክ ካለ የተሻለ ደህንነት አለ፤ ታዲያ ይበልጥ መጠንቀቅ ይበልጥ ጽድቅ አይደለም?” የሚል ነው። መጀመሪያ ነገሩ በተግባር እንደዚያ አይደለም። ባለ አንድ ቱቦው ሾክ፣ ቢልሽታይን በ1950ዎቹ ያስፋፋው ዓይነት፣ በሙቀት ቶሎ አይደክምም፤ ተራራ ለሚወርድ፣ ለሚጭን፣ ለሚጎትት መኪና እውነተኛ ጥቅም አለው። የኮኒ ዓይነቱ ደግሞ ጥንካሬው ይስተካከላል። ነገር ግን ለሩጫ ሜዳ የተጠነከረ ሾክ በተጠጋገነ የከተማ መንገድና በየሰፈሩ በተሠራ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ጎማውን ከመሬቱ ጋር አያስማማውም፤ በልኩ ያልተጠነከረ ሾክ እንደደከመው ሾክ ጎማውን ያስነጥራል። አጭር ሞላ አስገብቶ መኪናውን ዝቅ ማድረግ የጎማውን አቀማመጥ ያዛባል፤ ለቀድሞው ቁመት የተሠራውን ሾክ ቶሎ ይጨርሳል፤ የኋላው ብቻ ዝቅ ካለ ደግሞ መብራቱ ወደ ላይ ቀንቶ የሚመጣውን ነጂ ያሳውራል። እስራኤል ውስጥ የመኪናን መዋቅር መለወጥ ያለ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ አይቻልምና ሕጉም አለ። ሁለተኛ፣ ልክ የሌለው ጥንቃቄ ጽድቅ የሚመስለው ልክ ያለው ሕግ ሲረሳ ነው። ጠቢባኑ መቶ ጋት ማለት ሲችሉ አሥር አሉ። ጣሪያ የሌለው ግዴታ ሰውን ከሁለት በአንዱ ይጥለዋል፤ ወይ ተስፋ ያስቆርጠውና አሥሩንም ይተዋል፣ ወይ በመቶው ይኮራበታል።

ከበቂው በላይ ለመጨመር የሚፈልግ ሰውስ መለኪያ የለውም? ባባ ቃማ 9 ላይ አንድ አለ፤ ረቢ ዜይራ ትእዛዝን ለማሳመር የሚወጣ ወጪ እስከ አንድ ሦስተኛ ነው ይላል። ይህ የተነገረው ለመኪና አይደለም፤ ሕግ አድርጌም አልጠቅሰውም። አስተሳሰቡ ግን እዚህ ይረዳል። ተራው ጥንድ በሚያወጣው ዋጋ ላይ ሲሶ ጨምሮ የተሻለ ዕቃ የሚገዛ ሰው አሁንም ትእዛዙን እያከበረ ነው ሊባል ይችላል፤ ዋጋውን ሦስት እጥፍ የሚያደርግ ሰው ግን ሌላ ነገር እየገዛ ነው፣ ያንን ነገር በስሙ ይጥራው። መደሰት ክልክል አይደለም፤ በኩርባ ላይ ተረጋግቶ የሚዞር መኪና መውደድም ነውር አይደለም። ነውሩ ደስታውን “ደህንነት” በሚል ስም ከቤተ ሰብ ገንዘብ ማውጣቱ ነው። ሲሶውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሾኩ ራሱ ላይ ከሚውል አብረውት ያረጁት ላይ ቢውል ይሻላል። የላይኛው መያዣ ላስቲክና ኩሽኔታው፣ የግጭት ማብረጃው ላስቲክ፣ የአቧራ መከለያው አርጅተው ሳለ አዲስ ሾክ ብቻ ማስገባት ድምፁንም መንቀጥቀጡንም አያስቀርም። በአንድ አክስል ላይ ግራውን አድሶ ቀኙን መተው መኪናውን ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ሊጎትተው ይችላል። በማክፈርሰን ዓይነት የፊት እግር ከተቀየረ በኋላ አላይመንት ካልተሠራ ጎማው ያለ ጊዜው ሊያልቅ ይችላል። ተደግፈውት የማይወድቅ መከታ ማለት ይህ ሁሉ ነው፤ ቀለሙ ቀይ የሆነ ሾክ ብቻውን መከታ አይሆንም።

ዕዳው የባለ መኪናው ብቻ አይደለም። ዘሌዋውያን 19 ቁጥር 14 በዕውር ፊት እንቅፋት ማኖርን ይከለክላል፤ ጠቢባኑ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ክፉ ምክር መስጠት ብለው ተረጎሙት። ዕብራይስጥ በቅጡ የማያነቡ አባት ጋራዥ ሲገቡ ከመኪናቸው በታች ያለውን ሁሉ የሚያዩት በሌላ ሰው ዓይን ነው፤ አንዳንዴም በሚያስተረጉምላቸው የትምህርት ቤት ልጅ አፍ። በዚያ ሰዓት ሁለት ዓይነት እንቅፋት አለ። አንዱ ያልሞተውን ሞቷል ብሎ ማስቀየር ነው። ሁለተኛው፣ ይበልጥ የሚከፋው፣ ደንበኛው ወጪውን እንዳይጠላው ብሎ የሞተውን ዝም ብሎ ማሳለፍ ነው። የመጀመሪያው ሌብነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ወጊውን በሬ ለባለቤቱ ያልተናገረ ምስክር መሆን ነው። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን የታወቁት በአንጥረኛነትና በሸክላ ሥራ ነበር፤ ማረሻውን የቀጠቀጠው ባለ እጅ ማረሻው ቢሰበር ገበሬው ማን ላይ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። የጋራዥ ሥራ ያን ተጠያቂነት የሚያገኘው መካኒኩ የወጣውን አሮጌ ዕቃ አሳይቶ፣ ዋጋውን ለይቶ፣ “ይህ ግድ ነው፣ ይህ ደግሞ ቢሆን ጥሩ ነው” ብሎ ሲናገር ነው። ግድ የሆነውንና ጥሩ የሆነውን መለየት የረቢ ብቻ ሥራ አይደለም።

አንድ ድንበር ቀርቷል። “አሮጌውን ከመጠገን አዲስ መግዛት አይሻልም?” ለሚለው፣ ዘዳግም 20 በጦርነት ጊዜ እንኳ የፍሬ ዛፍ እንዳይቆረጥ ሲከለክል ጠቢባኑ ከዚያ ጥቅም ያለውን ነገር በከንቱ አለማጥፋትን ተምረዋል። ሞተሩ የሚሠራ፣ አካሉ ደህና የሆነ መኪናን በሁለት ጥንድ ሾክ ዕድሜውን ማራዘም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ በብድር አዲስ ከመግዛትም ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ሾኩ የሚታሠርበት የአካሉ ብረት በዝገት ከተበላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በበሰበሰ ብረት ላይ ምርጥ ሾክ ማሰር ገንዘቡንም ነፍሱንም ማባከን ነው፤ ያን ጊዜ አለማጥፋት ማለት መኪናውን ለመለዋወጫ መስጠት ነው። ራምባም ጎተራውን ከመከታ ነጻ እንዳደረገው ሁሉ፣ መንገድ የማይወጣ መኪናም ከዚህ ዕዳ ነጻ ነው።

ይህ ሁሉ ሃይማኖትን ወደ ቡሎንና ወደ ላስቲክ ማውረድ ነው የሚል ካለ፣ የመከታው ቁጥር የተጻፈበትን ቦታ ይመልከት። ከሱ በፊት ያለው ስለ ወፍ ጎጆ ነው፣ ከሱ በኋላ ያለው ስለ ወይን ቦታ ዘር፤ ታላላቆቹ ነገሮች መካከል አልተቀመጠም፣ የዕለት ንብረት መካከል ነው። ኦሪት ነፍስን አክብር ብሎ ብቻ ቢተወን ሁላችንም እሺ ባልን ነበር፤ ቁመቱ የሚለካ ነገር ሠርተህ አሳይ ማለቱ ነው የሚከብደው። ከዚህ የሚወጣው የወጪ ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ ጎማውን መሬት የሚያስይዘው ይሠራ፤ ከተረፈ እስከ ሲሶው ይሻሻል፤ ከዚያ የተረፈው ባለቤቱ እንደወደደ ያድርገው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ፣ ሾኩ ዘይት እያንጠባጠበ ባለ ኒኬል ቸርኬና ትልቅ ድምፅ ማጉያ የገዛ ሰው ግን ያባከነው የራሱን ገንዘብ አይደለም። ያ ገንዘብ ገና ሳይወጣ ለማያውቀው መንገደኛ ዕዳ ተይዞ ነበር።